ከድልድዩ በፊት ወንዙ ይፈተሽ

በኮሎራዶ ሴንቴኒያልን፣ አውሮራንና ዴንቨርን የሚያቋርጡት ጅረቶች ሲያዩዋቸው የሚያስፈሩ አይደሉም። ቼሪ ክሪክ፣ ፓይኒ ክሪክ፣ ሳንድ ክሪክ፣ ቶል ጌት ክሪክ፣ ሁሉም አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ቀጭን ውኃ በሰፊ አሸዋ መሐል ይዘው ይወርዳሉ። በላያቸው በተዘረጉት ድልድዮች ላይ ግን በየቀኑ እጅግ ብዙ መኪና ይተላለፋል። ሌሊት ወደ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የሚመላለሱ፣ በመጋዘንና በሆስፒታል የማታ ፈረቃ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በእነዚሁ ድልድዮች ነው ከቤታቸው ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት። በሜይ 2022 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር የድልድይ ፍተሻ ደንቡን አሻሽሎ አወጣ። ከለውጦቹ አንዱ የወንዝ ውኃ የድልድይን መሠረት የሚቦረቡርበትን አደጋ ይመለከታል። ቀድሞ በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ይመዘገብ የነበረው ነገር አሁን በሁለት ተከፍሏል፤ ፈታሹ ዛሬ በዓይኑ ያየው ቡርቦራ ለብቻው፣ ገና ያልመጣ ጎርፍ ሊያደርስ የሚችለው ቡርቦራ ለብቻው። ክፍፍሉ ትክክል ነው፤ ለእኛ አካባቢ ግን አይበቃም። እንደ ቼሪ ክሪክ ባለ አሸዋማና በከተማ በተከበበ ጅረት ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ ድልድዩን ብቻ በማየት መመለስ አይቻልም። የአደጋው ግምት ከወንዙ ጋር መታሰር፣ ወንዙ በተለወጠ ቁጥርም እንደገና መሠራት አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከምሰሶው ግርጌ ነው። የሚወርደው ውኃ ምሰሶውን ሲመታ ከፊሉ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ወለሉን ሲነካ ደግሞ እየተሽከረከረ በምሰሶው ግራና ቀኝ ይዞራል። ይህ አዙሪት አሸዋውን ከምሰሶው ፊት እየፈለፈለ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ጎርፉ በበረታ መጠን ጉድጓዱም ይጠልቃል። ክፉው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎርፉ ሲጎድል ውኃው የተሸከመውን አሸዋ እያራገፈ ጉድጓዱን መልሶ ይሞላዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ለሚመጣ ሰው የወንዙ ወለል ደልዳላና ያልተነካ ይመስላል። የሞላው አሸዋ ግን ልል ነው፤ መሠረቱን አይዝም። ልምድ ያለው ፈታሽ ይህን ስለሚያውቅ ዓይኑን አያምንም፤ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ በምሰሶው ዙሪያ ይወጋል። ዘንጉ በእጅ ግፊት ብቻ ጠልቆ ከገባ እዚያ ቦታ ላይ በቅርቡ ጉድጓድ ነበረ ማለት ነው። ኮንክሪቱም ራሱ ይናገራል። የቀድሞው የአሸዋ ከፍታ በምሰሶው ላይ መስመር አስምሮ ይተዋል፤ ከመስመሩ በላይ ፀሐይና ዝናብ ያጠቆረው ገጽ አለ፤ ከመስመሩ በታች ደግሞ ገና ነጣ ያለና የካሳፎርማው ሳንቃ አሻራ በግልጽ የሚታይበት ኮንክሪት። ከመስመሩ እስከ ዛሬው ወለል ያለው ርቀት ወለሉ ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ ምን ያህል እንደወረደ ያሳያል።

አሸዋማ ጅረት በጎርፍ ጊዜ ምን ያህል ጥልቅ ድረስ እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ ቤኔት አጠገብ፣ ካዮዋ ክሪክ ይወርዳል። በሜይ 1878 ደራሽ ውኃ የባቡር ድልድዩን ጠርጎ ወስዶ ነበርና በሌሊት የደረሰው የካንሳስ ፓስፊክ ባቡር ወደ ጅረቱ ገባ፤ ሦስት የባቡሩ ሠራተኞች ሞቱ። ጎርፉ ሲያልፍ ፉርጎዎቹ ተገኙ፤ በብዙ ቶን የሚመዝነው ሎኮሞቲቭ ግን በአሸዋው ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ፈላጊዎች ረጃጅም ብረት እየወጉ ፈልገውታል። ኋላ በተደረገው ምርመራ ኩባንያው በጸጥታ አውጥቶ እንደወሰደው ታመነበት። ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ በሌላ ቀን ሰው በእግሩ የሚሻገረው አሸዋ በዚያች ሌሊት ሎኮሞቲቭ የሚውጥ ሆኖ ነበር። የምሰሶ መሠረት ከዚህ ከሚንቀሳቀሰው ሽፋን በታች ካልወረደ፣ ድልድዩ የቆመው ጎርፍ እስኪመጣ ብቻ ነው።

ይህን ጥልቀት አስቀድሞ ለመገመት ከሚያገለግሉት ቀመሮች በጣም የታወቀው የተወለደው እዚሁ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ፎርት ኮሊንስ በሚገኘው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በ1991 ያወጣውና በባለሙያዎች ዘንድ ሄክ-18 ተብሎ የሚታወቀው መመሪያ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። መመሪያው ሦስት ነገሮችን ለየብቻ አስልቶ እንዲደመሩ ያዛል። የመጀመሪያው በብዙ ዓመታት ውስጥ የወንዙ ወለል በጠቅላላው የሚወርደው መጠን ነው። ሁለተኛው ድልድዩ ወንዙን ስላጠበበው ውኃው ፈጥኖ የሚቆርጠው ነው፤ ሦስተኛው ቀደም ብሎ የተገለጸው በምሰሶው ዙሪያ የሚከፈተው ጉድጓድ ነው። ለዚህ ለሦስተኛው ሻካራ መለኪያ አለ፤ ፊቱ ክብ ሆኖ ከውኃው አቅጣጫ ጋር ለተገጠመ ምሰሶ ጉድጓዱ እንደ ውኃው ፍጥነት እስከ ምሰሶው ወርድ 2.4 ወይም 3 እጥፍ ሊጠልቅ ይችላል ተብሎ ይወሰዳል። የ1.2 ሜትር ወርድ ያለው ምሰሶ በዚህ ስሌት ወደ 2.9 ወይም 3.6 ሜትር ጉድጓድ ሊከፍት ይችላል ማለት ነው። መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ የሚያፈሱት በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው፤ ቀመር ስላለው። በእኛ አካባቢ ግን ስህተት የሚደበቀው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ቀመር የለውምና።

መመሪያው ለምን እንደተጻፈ ማስታወስ ይጠቅማል። በኤፕሪል 5 ቀን 1987 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በስኮሃሪ ክሪክ ላይ የነበረው የአውራ ጎዳና ድልድይ በጎርፍ መሐል ወድቆ አሥር ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ በ1955፣ ገና ተሠርቶ እንዳለቀ፣ በ1987 ከጣለው የበለጠ ጎርፍ ተቋቁሞ ነበር። ትልቁን ችሎ በትንሹ የወደቀው፣ በምሰሶዎቹ ዙሪያ የተደረደረው መከላከያ ድንጋይ በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ተወስዶ፣ ፓይል (ወደ ምድር ጠልቆ የሚሰካ ምሰሶ) በሌለውና ጥልቀት በጎደለው መሠረት ሥር ወለሉ ስለተቦረቦረ ነው። ድልድዩ ፈታሽ አጥቶ አያውቅም፤ ከውኃው በታች ወርዶ መሠረቱን ያየ ግን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ በቴነሲ የሃቺ ወንዝ ድልድይ ወድቆ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ በ1995 ደግሞ በካሊፎርኒያ በአብዛኛው ደረቅ በሆነው አሮዮ ፓሳሄሮ ላይ የነበረው የኢንተርስቴት 5 ድልድይ ሰባት ሰዎችን ይዞ ወደቀ። ይህ ሦስተኛው ከዴንቨር ጅረቶች ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ አሸዋማ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስፈራ ነገር አይታይበትም፣ ወለሉም ድልድዩ ከተሠራ በኋላ እየወረደ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ጅረት እንመለስ። ቼሪ ክሪክ ከፓልመር ከፍታ ተነስቶ በዳግላስ ካውንቲ፣ በካስል ሮክ አጠገብና በፓርከር በኩል አልፎ ነው ሴንቴኒያል የሚደርሰው። በእነዚህ ከተሞች ባለፉት አሥርት ዓመታት ሣር የነበረው መሬት ጣራ፣ አስፋልትና የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሣሩ ይመጥ የነበረው ዝናብ ዛሬ በቱቦ አድርጎ ወዲያውኑ ጅረቱ ውስጥ ይገባል፤ ብዛቱ ጨምሯል፣ ከአፈሩ ይዞት ይመጣ የነበረው ደለል ግን ቀንሷል። ደለል ያልያዘ ውኃ የጎደለውን ከወለሉና ከዳር ይወስዳል፤ ጅረቱ ቁልቁል ይቆርጣል። ይህን ለመግታት በ1969 የተቋቋመው የዴንቨር አካባቢ የጎርፍ መቆጣጠሪያ ዲስትሪክት (ከ2019 ወዲህ ማይል ሃይ ፍለድ ዲስትሪክት ይባላል) እና በ2006 የተመሠረተው የደቡብ ምሥራቅ ሜትሮ የዝናብ ውኃ ባለሥልጣን በጅረቶቹ ላይ እርከኖችን ይሠራሉ። እነዚህ በኮንክሪት በተያያዙ ቋጥኞች ከዳር እስከ ዳር የተገደቡ አጫጭር ፏፏቴዎች ናቸው፤ በብስክሌት መንገዱ የሚሄድ ሰው ለውበት የተሠሩ ሊመስሉት ይችላሉ። ሥራቸው ግን ወለሉን ባለበት ከፍታ መያዝ ነው። ከድልድይ በታች ያለ እርከን ቢሰበር ወለሉ እዚያ ላይ ተቆርጦ ይወርዳል፤ ቁርጡም በእያንዳንዱ ጎርፍ ወደ ላይ እየተጓዘ ከድልድዩ ምሰሶዎች ሥር ይደርሳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሲነገር አይሰማም፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ነው። ከድልድዩ በታች ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለው እርከን በሥራው የድልድዩ መሠረት አካል ነው። በመዝገብ ግን አይደለም። ድልድዩ በከተማው የመንገድ ክፍልና በክፍለ ግዛቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የፍተሻ ፋይል ውስጥ አለ፤ እርከኑ በጎርፍ ባለሥልጣኑ ፋይል ውስጥ አለ፤ ወለሉን የሚቆርጠውን ውኃ የሚጨምረው የቤቶች ግንባታ ደግሞ በሌላ ካውንቲ የዕቅድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የሚጸድቀው። ከሃያ ዓመት በፊት «ይህ ድልድይ ለቡርቦራ አይጋለጥም» ብሎ የፈረመ መሐንዲስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የፈረመው በዚያን ጊዜ ለነበረው ወለልና በዚያን ጊዜ ለሚወርደው ውኃ ነው። አዲሱ ደንብ ይህን ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል። አደጋቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ድልድዮች የፍተሻው ጊዜ ከ24 ወር ወደ 48 ወር እንዲራዘም ይፈቅዳል፤ ለዚህ ከተቀመጡት መስፈርቶች አንዱ የቡርቦራ ግምቱ ነው። ያረጀ ግምት የያዘ ድልድይ እንግዲህ ጥሩ ምዘና ስለተጻፈለት ብቻ አራት ዓመት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ በፓርከር በኩል አንድ ሙሉ ሰፈር ይሠራል።

«ግድቦቹስ?» የሚል አለ፤ ጥያቄው ክብደት አለው። በጁን 16 ቀን 1965 በፕላም ክሪክ ላይ የወረደው ዝናብ ሉቪየርስ ላይ በሴኮንድ ከ4,300 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ አወረደ፤ የሳውዝ ፕላት ወንዝ ሊትልተንንና ዴንቨርን አጥለቀለቀ፤ በተፋሰሱ 21 ሰዎች ሞቱ፤ ጎርፉ የተሸከመው ዛፍና ተንቀሳቃሽ ቤት በየድልድዩ ላይ እየተከመረ ብዙዎቹን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቻትፊልድ ግድብ ተሠራ፤ በቼሪ ክሪክ ላይ ደግሞ ከ1950 ጀምሮ ግድብ ነበረ። እነዚህ ግድቦች መሐል ዴንቨርን ከ1965 ዓይነቱ ቀን እንደሚጠብቁ አልጠራጠርም። ነገር ግን አራፓሆ ሮድና ብሮንኮስ ፓርክዌይ ቼሪ ክሪክን የሚሻገሩት ከግድቡ በላይ ነው፤ ፓይኒ ክሪክም ከጅረቱ ጋር የሚገናኘው ከግድቡ ሐይቅ በላይ ነው። ሴንቴኒያል እዚህ ላይ ከግድቡ የሚያገኘው ጥበቃ የለም። ሳንድ ክሪክና ቶል ጌት ክሪክም በቼሪ ክሪክ ግድብ አያልፉም። ከግድቡ በታች ላሉትም ቢሆን መልሱ ግማሽ ብቻ ነው። ግድብ ጎርፉን ይቀንሳል፤ ደለሉንም ያስቀራል። ከሐይቁ የሚለቀቀው ንጹሕ ውኃ ወለሉን መቁረጡን አይተውም። ወደ ሐይቁ መግቢያ አካባቢ ደግሞ በተቃራኒው ደለል ሊቆለል ይችላል። አንድ ጅረት በአንድ ቦታ እየወረደ በሌላው እየሞላ መሄዱ ነው ለሁሉም ድልድይ የሚሆን አንድ ግምት እንዳይኖር የሚያደርገው።

ከመሐንዲሶች የሚመጣው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። የሄክ-18 ቀመሮች በቤተ ሙከራ ገንዳ ውስጥ በአሸዋ ላይ ተሞክረው የወጡ ስለሆኑ ከእውነተኛው ይልቅ ጥልቀት ያበዛሉ፤ በዚህ መንገድ ሲሰላ ምንም ያልሆነ ድልድይ አደገኛ ተብሎ ይመዘገባል፤ ያለው ገንዘብም በከንቱ ይበተናል ይላሉ። እውነት አላቸው። በዴንቨር አካባቢ ብዙ ቦታ ከአሸዋው በታች የሸክላ ድንጋይ አለ፤ እንደ አሸዋ በአንድ ጎርፍ አይጠረግም፤ ፓይሎቹ በዚያ ውስጥ ጠልቀው ከገቡ ቀመሩ የሚያስፈራራውን ያህል መፍራት አያስፈልግም። ነገር ግን ይህ ድንጋይ ተፈጥሮው ከባድ ቋጥኝ አይደለም። ወለሉ ወርዶ ለአየር ሲጋለጥ፣ እየራሰና እየደረቀ ሲመላለስ፣ ይፈረካከሳል፤ የመጣው ጎርፍም ፍርካሹን ይወስዳል። ስለዚህ «ከሥር ድንጋይ አለ» የሚለው መልስ ድንጋዩ የት ከፍታ ላይ እንደሚጀምር፣ ፓይሉ ስንት ሜትር እንደገባበትና ዛሬ ተጋልጦ እንደሆነ ካልተናገረ መልስ አይደለም። የሦስቱ መረጃ ከቀመሩ የተሻለ ፍርድ ይሰጣል፤ ድልድዩን ከአደገኞቹ መዝገብ ሊያስወጣውም ይችላል። በአገሪቱ ብዙ ሺህ አሮጌ ድልድዮች ሥዕላቸው ጠፍቶ የመሠረታቸው ጥልቀት የማይታወቅ ነው፤ ለእነርሱ ቁፋሮና መለካት ከቀመር በፊት ይቀድማል። ቀመሩ ያጋንናል የሚል ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ተጨማሪ መረጃ ነው፤ ግምቱ እንዲቀር አይደለም።

«ስንት ዓመት ሆነ እዚህ ድልድይ ከወደቀ?» የሚለውም ይሰማል። የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚባለው በመቶ ዓመት አንዴ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል ያለው ነው። ለ75 ዓመት ታስቦ የተሠራ ድልድይ በዕድሜው ይህን ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድሉ 53 በመቶ ነው። ብዙ ጅረቶች ባሉበት አካባቢ ደግሞ አንዱ ጋ መድረሱ አይቀርም፤ በኮሎራዶ የበጋ ዝናብ አንዱን ሸለቆ አጥለቅልቆ ጎረቤቱን ደረቅ ሊተው ይችላል። በሴፕቴምበር 2013 የቦልደርንና የላሪመርን ሸለቆዎች የመታው ዝናብ መንገዶችንና ድልድዮችን አፈረሰ። በዚያው ጊዜ ከዴንቨር በስተሰሜን በዲሎን ሮድ ላይ ጅረቱ መንገዱን ከሥር ቆርጦት ሦስት መኪኖች ውኃው ውስጥ ወድቀው ሰዎቹ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ወጡ። ያ የወደቀው ታላቅ ድልድይ አልነበረም። የፌዴራሉ ደንብ የሚመለከተው ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ገደማ፣ በላይ የሆነውን መሻገሪያ ብቻ ነው፤ በየሰፈሩ መንገድ ሥር ያሉት ትናንሽ ካልቨርቶች (የውኃ ማሳለፊያዎች) ከብሔራዊው መዝገብ ውጭ ናቸው። በሴንቴኒያል ልጆች በትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያልፉባቸው ብዙዎቹ መሻገሪያዎች እነዚህ ናቸው።

ደረቅ ወንዝ እንዴት እንደሚያታልል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በኦገስት 2006 ድሬዳዋ ላይ፣ ሰው በአሸዋው ላይ ገበያ የሚዘረጋበት ደጫቱ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። የኢትዮጵያ መንገዶች የድሬኔጅ ዲዛይን ማንዋል የድልድይ ቡርቦራን የሚያሰላውም ከዚሁ ከሄክ-18 በተወሰደ ዘዴ ነው፤ የፎርት ኮሊንሱ ቀመር በአዋሽና በአባይ ገባሮች ላይም ይሠራል። እዚያ ወለሉን የሚያወርደው በአብዛኛው ቪላ ቤቶች አይደሉም፤ ለግንባታ ከድልድይ አጠገብ በገልባጭ መኪና የሚጫነው አሸዋ ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል በማርች 2001 ፖርቱጋል ውስጥ ታይቷል፤ ለዓመታት አሸዋ ሲወጣበት የቆየው የዶውሮ ወንዝ የሂንትዜ ሪቤይሮን ድልድይ ምሰሶ ጥሎ 59 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ቢለያይም ስህተቱ አንድ ነው፤ ድልድዩን የሚመረምር ሰው ወንዙን ማን ምን እያደረገው እንደሆነ አልጠየቀም።

የሚያስፈልገው ሥራ ውድ አይደለም። በእያንዳንዱ ፍተሻ ከድልድዩ አጥር ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር እየለቀቁ የወለሉን ከፍታ በየጥቂት ሜትሩ መለካትና የዘንድሮውን መስመር በቀድሞዎቹ ላይ ደርቦ መሳል ሁለት ሰው በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ነው። ብዙ ቦታ ይለካል፤ የሚጎድለው መደረቡ ነው። ሴንቴኒያል፣ አውሮራና ሁለቱ የጎርፍ መሥሪያ ቤቶች በየጅረቱ አንድ የጋራ ፋይል ቢይዙ፣ የእርከኖቹ ሁኔታም ከምሰሶዎቹ ጋር በአንድ ገጽ ቢጻፍ፣ ግምቱ በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሦስት ምክንያቶች ዳግም እንዲከፈት መደንገግ ይቻላል፤ ወለሉ ከተቀመጠው ልክ በታች ሲወርድ፣ እርከን ሲጎዳ፣ በላይኛው ተፋሰስ ትልቅ ግንባታ ሲጸድቅ። ለቡርቦራ የተጋለጡ ድልድዮች የድርጊት ዕቅድ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል፤ ማይል ሃይ ፍለድ ዲስትሪክት ደግሞ በብዙ ጅረቶች ላይ ዝናብና የውኃ ከፍታ ወዲያው የሚልኩ መለኪያዎች አሉት። ዕቅዱ ውስጥ መግባት ያለበት ግልጽ ቁጥር ነው፤ በዚህ መለኪያ ላይ ውኃው ይህን ያህል ሲደርስ ይህ ድልድይ ይዘጋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መሰናክሉን የሚያቆመው ሠራተኛ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚነሳ፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላም ዘንግ ይዞ ወርዶ ሳያረጋግጥ መንገዱን መልሶ የሚከፍት እንደማይኖር፣ ይህ ሁሉ በስም በተመደበ የሥራ መደብ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።